መስመር ቁጥር አርባ

ጅቡቲ፣ ባልባላ
ዓርብ ነሐሴ 8 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለአዳነች፣ ካለሽበት ቤሩት፤

እንደምን ከረምሽ አዱ? «ውድ ባለቤቴ» ብዬ ልጀምር ብዕሬን አነሳሁና ተውኩት። ቃሉ ይገባኛል ወይስ አይገባኝም እያልኩ ከምጨነቅ፣ ደብዳቤውን አንብበሽ ስትጨርሺ አንቺው ብትፈርጂው ይሻላል። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ሙቀቱ እንደምታውቂው ነው። ካምሲኑ፣ ያ የበረሃ ነፋስ፣ ከሰኔ ጀምሮ አሸዋውን ተሸክሞ ቤት ለቤት ይዞራል፤ በር ብትዘጊ በመስኮት፣ መስኮት ብትዘጊ በቆርቆሮው ሥር ይገባል። ፍልሰታንም እየጾምኩ ነው። አትሳቂ፣ ዘንድሮ የምሬን ነው።

ይህን ወረቀት የምታደርስልሽ ጓደኛሽ ጽጌሬዳ ናት። ፈቃዷን ካርቲየ 3 ሰፈር እህቷ ዘንድ አሳልፋ ሰኞ ወደ ቤሩት ትመለሳለች። ባለፈው ወር እኔን ልትጠይቅ ቤታችን ድረስ መጥታ ነበር። በሩን የከፈተችላት ግን ኑሪያ የምትባል ሴት ናት። ግቢው ገመድ ላይ የሴት ድሪያ ቀሚስ ተሰጥቶ አይታለች። ጽጌሬዳ ጨዋ ስለሆነች ምንም አላለችም፤ የቀረበላትን ሻይ ግን ሳትነካው ሄደች።

እንግዲህ ነገሩን ከጽጌሬዳ ፊት ላይ ከምታነቢው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ። አዎ፣ አንቺ በሌለሽበት አንዲት ሴት ቤታችን ውስጥ አሥራ ስምንት ቀን አድራለች። እንዴት እንደገባችና እንዴት እንደወጣች አንድ በአንድ እነግርሻለሁ። ብታምኚኝ ደስታዬ ነው፤ ባታምኚኝም አልፈርድብሽም፤ የመታመን ዕዳ ያለብኝ እኔ ነኝና። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፤ ከሥሩ ልጀምር።

አንቺ ስትሄጂ ሥራ ፈት ነበርኩ። ከወራት በኋላ ሄሮን ሰፈር የአንድ ትራንዚት ድርጅት ኔትወርክ እንድይዝ ተጠራሁ። ባለቤቱ ዓብዱረዛቅ ይባላል፤ ከወደብ የሚወጣ የኢትዮጵያ ዕቃ ወረቀት የሚጨርስ፣ ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሶማሌ ነው። አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል። እንደ ድሬ ልጅ አንቱታ የሚባል ነገር አይወድም፤ «አንቱ» ያልኩት ቀን «ምነው፣ ሞትኩ እንዴ?» ብሎ ተቆጥቶኛል። ሕንጻው ታቹ ቢሮ፣ ላዩ መኖሪያ ነው። ሚስቱ ዓቢዳና አራት ልጆቻቸው ላይ ይኖራሉ።

ችግሩም ይኸው ነበር፤ ታችም ላይም የሚጠቀሙት በአንድ ኔትወርክ ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጥተው ፊልም ሲከፍቱ ታች ያሉት ጸሐፊዎች አንዲት የጉምሩክ ወረቀት መላክ ያቅታቸዋል። ወደብ ላይ ሹፌሩ ፀሐይ እየመታው ተሰልፏል፣ እዚህ ወረቀቱ ኮምፒዩተሩ ላይ ይዞራል። ዓብዱረዛቅ ጠራኝና «ጎሳዬ፣ ቢሮዬን ከልጆቼ አድንልኝ» አለኝ።

«ሽቦ ቆጣሪ» እያልሽ ትስቂብኝ የነበረውን ሥራዬን አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ አስረድቼሽ አላውቅም። ስዊች የሚባለው ሃያ አራት ቀዳዳ ያለው ሣጥን ነው። ኮምፒዩተሩም፣ ካሜራውም፣ ዋይፋዩም እዚያ ይሰካል፤ እንዳለ ከተውሽው የተሰካው ሁሉ እርስ በርሱ ይገናኛል። ቪላን ማለት ያንን አንድ ሣጥን ሳትቆርጪ መከፋፈል ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አራት ተከራይ እንዳለ ቁጠሪው፤ ግቢው አንድ ነው፣ የውጭ በሩም አንድ ነው፣ ግን ማንም የማንንም ጓዳ አያይም። ለእያንዳንዱ ቁጥር ይሰጠዋል። እኔም ቢሮውን አሥር፣ ቤተሰቡን ሃያ፣ የጥበቃ ካሜራዎቹን ሠላሳ አልኳቸው። ከስዊቹ ወደ ራውተሩ የሚሄደው ገመድ ግን ያው አንዱ ነው፤ ትራንክ እንለዋለን። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ቁጥሩን ለጥፎ ያልፋል። ራውተሩ ደግሞ አከራዩ ነው። ማን ከማን ጋር ይገናኝ፣ ማን ወደ ውጭ ይውጣ የሚለውን እሱ ይወስናል፤ ለእሱ ደግሞ የምነግረው እኔ ነኝ። ትዕዛዙን ስጽፍ የማንም ፊት አይታየኝም፣ የሚታየኝ ቁጥር ብቻ ነው።

ሥራው ሁለት ከሰዓት በኋላ ፈጀ። ጅቡቲን ታውቂያት የለ? ሰባት ሰዓት ላይ ጫቱ ይገባል፣ ከተማው ፀጥ ይላል። ቢሮው ይዘጋል፣ ዓብዱረዛቅ ጓደኞቹን ይዞ መቃሚያ ክፍሉ ውስጥ ትራስ ላይ ጋደም ይላል፣ ዓቢዳ እህቶቿ ዘንድ ትሄዳለች፣ ልጆቹ ይተኛሉ። ኔትወርኩ ቢቋረጥ የሚጮህ ሰው የለም። የሌላ አገር ባለሙያ ለእንዲህ ያለ ሥራ እኩለ ሌሊትን ይጠብቃል አሉ፤ የጅቡቲ ባለሙያ የሚጠብቀው ጫትን ነው።

ሥራው አልቆ ፓስወርድ ስናድል ዓቢዳ ከደረጃው ላይ ሆና «የሠራተኛዋ ስልክ ከቤተሰቡ መስመር ይውጣ» አለች። አወጣሁት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ሠራተኛዋ ኑሪያ ናት። የከሚሴ ልጅ ናት፣ ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ሐያት የምትባል አራት ዓመት የሆናት ልጅ አለቻት፤ ከአያቷ ጋር ትታት ነው የመጣችው። ከቤቱ ልጆች አንዱ አዝኖላት ፓስወርዱን ሰጥቷት ኖሮ፣ በዚያው በጫት ሰዓት ሰገነቱ ላይ ልብስ እያሰጣች ከልጇ ጋር በቪዲዮ ትነጋገር ነበር። የጅቡቲ የስልክ ዋጋ ለሠራተኛ የሚቀመስ እንዳልሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። በማግስቱ ካሜራ ላስተካክል ሰገነቱ ላይ ስወጣ ስልኳን ወደ ሰማይ አንስታ አገኘኋት።

«ጋሽ ጎሳዬ፣ ዋይፋዩ ታሞ ነው?» አለችኝ።

«ዘግቼብሽ ነው» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። «ይስተካከላል» ብያት ወረድኩ።

ወርጄም አራተኛ ቁጥር ከፈትኩ፤ አርባ። ለእያንዳንዱ ቪላን ስም ይሰጠዋል፤ ለአርባ በፈረንሳይኛ «ማተሚያ» የሚል ስም ጻፍኩለት፣ ማተሚያ የሚመረምር ሰው የለምና። ዋይፋዩ ስሙን ደብቆ ከኑሪያ ስልክ በቀር ማንንም እንዳያስገባ አደረግኩ። ወደ ቢሮውም፣ ወደ ቤተሰቡም፣ ወደ ካሜራዎቹም መንገዱን ዘግቼ፣ አንዲት ልጅ ፊቷ የሚታይበትን ያህል ቀጭን በር ወደ ውጭ ተውኩለት። እንዳይታወቅ ደግሞ ራውተሩን በሰዓት አዘዝኩት፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ክፈት፣ አሥር ሰዓት ሲሆን ዝጋ። ስልኳን ተቀብዬ ራሴ ካስገባሁላት ከኑሪያ በቀር ለማንም አልነገርኩም። ለምን እንዳደረግኩት ያኔ ለራሴም አልነገርኩትም፤ ደግነት መስሎኝ ነበር።

ስምንት ወር እንዲህ ሠራ። ሐያት ፊደል የቆጠረችው በዚያ መስመር ነው ብልሽ አላጋነንኩም። አጎቷ ስልኩን ይይዝላታል፣ እሷ በከሰል የጻፈችውን ካርቶን ታሳያለች፣ ኑሪያ ሰገነቱ ላይ ቆማ «እግሩን ረሳሽው፣ እግሩን!» ትላታለች። ካሜራ በማስተካክልበት ቀን እሰማቸዋለሁ። ኑሪያ የልጇን ሳቅ ስትሰማ የያዘችውን ልብስ ሳታሰጣ ቆማ ትቀራለች። እኔም ሥራ የሌለው ካሜራ መፈተሽ አበዛሁ።

ከዚያ ረመዳን ገባ።

አሥራ ስድስት ዓመት ጅቡቲ ኖሬ ይህንን መርሳቴን ሳስበው አሁንም ያናድደኛል። በረመዳን ቀን ጫት የለም፤ የሚቃመው ካፈጠሩ በኋላ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ዓብዱረዛቅ መቃሚያው ውስጥ የለም፤ ጦሙን ውሎ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ላይ ክፍሉ ውስጥ ይገላበጣል። ዓቢዳም የትም አትሄድም። አርባ ግን ያው በሰባት ሰዓት ይከፈታል፣ በአሥር ይዘጋል። ራውተር ረመዳንን አያውቅም፤ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የእነሱ ሰው ቢሠራው ኖሮ ጨረቃ ሳትታይ ሰዓቱን ይቀይር ነበር። የእኔ ጾም ሌላ፣ የእነሱ ሌላ ሆኖ ነገሩ በሐሳቤ አልመጣም። ኑሪያም «ሰዓቱን ቀይሩልኝ» አላለችኝም፤ በተሰጣት የምታመሰግን እንጂ ሌላ የምትለምን ሰው አይደለችም።

በረመዳን አጋማሽ፣ እሑድ ቀን፣ ስምንት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ።

«ጎሳዬ፣ ቶሎ ና» አለኝ ዓብዱረዛቅ። «ሠራተኛዋ የቢሮዬን ኢንተርኔት ስትሰርቅ ያዝናት። ፓስወርዱን ሁሉ ቀይርልኝ።»

ስደርስ ኑሪያ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ስልኳ ዓቢዳ እጅ ላይ ነው። «ፓስወርዱን ማን ሰጠሽ?» እያሉ ሦስት ጊዜ ጠይቀዋታል፤ «አላውቅም» ብቻ ነው መልሷ። እኔን ስታየኝ መሬት መሬት አየች።

መጀመሪያ ያደረግኩትን ልንገርሽ፤ ካንቺ የምደብቀው ነገር በቅቶኛል። ስዊቹ ሥር ተቀመጥኩ፣ ገመዴን ሰካሁ፣ አርባን አጠፋሁት። አንዲት መስመር ትዕዛዝ ናት። ከራውተሩም ሰዓቱን ሰረዝኩ። ዱካዬን ከጠረግኩ በኋላ ቀና ብዬ «ተስተካክሏል» አልኩ።

«ከየት አገኘችው?» አለኝ።

«እንጃ» አልኩ። አዎ አዱ፣ እንጃ አልኩ።

«እንግዲያው ፖሊስ ይጠይቃት። ጠርቻለሁ፣ እየመጡ ነው።»

ፖሊስ ቢወስዳት የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ፓስፖርቷ ዓቢዳ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ያለ ፓስፖርት፣ በሌብነት ተከሳ፣ የት እንደምትጣል እግዜር ይወቅ። እኔ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ። ላቤ እጄ ላይ ይንጠባጠባል። ያኔ ኑሪያ ቀስ ብላ፣

«ጋሽ ጎሳዬ፣ ውሃ ላምጣልዎ?» አለችኝ።

በረመዳን እዚያ ቤት ቀን ውሃ የሚጠጣ የለም። እኔ ግን እንደማልጾም ስለምታውቅ በመጣሁ ቁጥር ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ማሰሮ ውሃ በክዳን ከድና ታስቀምጥልኝ ነበር። በዚያች ሰዓት፣ ፖሊስ እየመጣባት፣ ስሜን ጠርታ ራሷን ማዳን ስትችል፣ እሷ ያሰበችው የእኔን ጥም ነው። የያዝኩትን ገመድ መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«ዓብዱ» አልኩት፣ «ሌባ የለም። የከፈትኩላት እኔ ነኝ።»

«አንተ?»

«እኔ። አራተኛ ቁጥር ጨምሬ።»

«እኔ ሦስት ነው ያዘዝኩህ። አራተኛውን ማን አዘዘህ?»

«ማንም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እምቢ ትለኛለህ ብዬ።»

«እምቢ እልህ ነበር» አለና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «ስማ ጎሳዬ፣ ወላሂ የኢንተርኔቱ ነገር አይደለም። ቤቴ ውስጥ እኔ የማላውቀው በር ከፍተህ ስምንት ወር ሙሉ ሰላም ስትለኝ ኖረሃል። ልጆቼ አሉ፣ የሰው ዕቃ ወረቀት አለ። በዚያ በር ሌላ ሰው ቢገባስ?»

እውነቱን ነው አዱ። መንገዱን ሁሉ ዘግቼዋለሁ ብዬ ላስረዳው እችል ነበር፤ የጠየቀኝ ግን ስለ መንገድ አይደለም።

«ምንህ ናት?» አለ ደግሞ።

«ምኔም አይደለችም።»

«ታዲያ?»

«ሚስቴ ሰው አገር፣ ሰው ቤት ናት» አልኩት።

ዓብዱረዛቅ ለፖሊስ ደውሎ እንዳይመጡ ነገራቸው። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ «ኸላስ፣ በቃ፣ ሁለታችሁም ሂዱ» አለ። እኔ ከሥራዬ፣ እሷ ከቤቱ፣ በአንድ በር ወጣን። ዓቢዳ ስልኳን መለሰችላት፤ ፓስፖርቱን ግን አልሰጠቻትም። ልብሷን በአንድ ፌስታል ይዛ መንገድ ዳር ቆመች። የምትሄድበት አልነበራትም። ሚኒባስ አስቁሜ ወደ ባልባላ ይዣት መጣሁ። ሌላ ምን ላድርግ?

ጎረቤታችን ሀጀራን ታውቂያታለሽ፣ ምላሷንም። ነገሩን ስነግራት «ጎሳዬ፣ እኔ ከልጅቱ ጋር እተኛለሁ፣ አንተ ውጭ ትተኛለህ። ሚስትህ ስትመጣ ምስክሯ እኔ ነኝ» አለችኝ። አሥራ ስምንቱንም ቀን ሁለቱ ውስጥ፣ እኔ ግቢው ውስጥ በሽቦ አልጋ ላይ ተኛን። በዚህ ሙቀት ባልባላ ውስጥ ከቤት ውጭ የሚተኛ ብዙ ስለሆነ ማንም አልገረመውም። ጽጌሬዳ ከመሄዷ በፊት ሀጀራን ትጠይቃት፤ ሀጀራ ለእኔ ብላ አትዋሽም፣ ለእኔ ብላ ምንም አድርጋ አታውቅም።

ኑሪያ በሀጀራ ስልክ ከሚሴ ደወለች። ቪዲዮ የለም፣ ድምፅ ብቻ፣ ሁለት ደቂቃ። ስትጨርስ ለኔ ሻይ አመጣችልኝና «ሚስትዎ መቼ መቼ ይደውላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አትደውልም» አልኳት። «ከሄደች ወዲህ ረስታናለች።» ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ የምለው ስለሆነ ቃሉ በራሱ ወጣ።

ኑሪያ ደነገጠች። «እኔ የምፈራው ይህንን ነበር» አለች። «ዋይፋዩ ሲዘጋ ሐያትን ‹እናትሽ ረስታሻለች› እንዳይሏት ነበር የምፈራው። ሰው ዝም ሲል የተዘጋበት መሆኑን ማን ያውቃል?»

ሻዩን አልጠጣሁትም።

አዱ፣ እንዳልረሳሽኝ የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን። ቤሩት በገባሽ ማግስት ደውለሽልኛል። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ስምሽን እያየሁ መጥራት እስኪያቆም ጠበቅኩ። በማግስቱም ደወልሽ። አሥራ አንድ ጊዜ ደውለሻል። አሥራ ሁለተኛው እንዳይመጣ ቁጥርሽን ዘጋሁት። «‹አትሂጂ› ስላት እምቢ ብላኛለች፣ እንግዲህ ትቅመሰው» ብዬ ነው። ሥራ ያጣሁት እኔ፣ ጎጆዬን ለማቆም የሄድሽው አንቺ፣ የተቆጣሁት ደግሞ እኔ። እናትሽ «ልጄ ደወለች?» ብላ ስትጠይቀኝ «አልደወለችም፣ እኛን ረስታለች» አልኳት። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባለው ለእኔ ነው። እሷም አምናኝ «ባሏን የረሳች ልጅ የለችኝም» አለች። በጎረቤት ስልክ ስትደውዪላት «የለችም በሏት» ያለቻቸው በዚህ ምክንያት ነው። እናትሽ አልጨከነችብሽም፤ እኔ ነኝ ያስጨከንኳት።

አርባን የከፈትኩት ደግ ስለሆንኩ አይደለም። አንድ የዘጋሁት ስለነበረ ነው።

በኢድ ማግስት ዓብዱረዛቅ ራሱ መኪናውን እየነዳ ባልባላ መጣና የኑሪያን ፓስፖርት ሰጠን። ቤት ግባ ብለው አልገባም። «ሥራህን ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ» አለኝ። «ይገባሃል» አልኩት። ሊሄድ ሲል «አዲሱ ልጅ ጎበዝ ነው፣ ግን ትራንኩ የቱ እንደሆነ ሊገባው አልቻለም» አለ። የመኪናው ኮፈን ላይ ወረቀት ዘርግቼ ሥዬ ሰጠሁት። የእኔን ኑሮ አታስቢ፤ ሁለት ሱቅና አንድ ትምህርት ቤት ገመድ እንድዘረጋላቸው ጠይቀውኛል።

ኑሪያን ብቻዋን በድንበሩ መላክ ከበደኝ። ሐምሌ 16 ቀን በደወሌ በኩል አብረን ወጣን። ድሬዳዋ በማግስቱ ወደ አገሯ በሚወስደው አውቶቡስ አሳፈርኳት። በመስኮቱ እጄን ይዛ «አላህ ሚስትዎን በሰላም ያምጣልዎ» አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ለሀጀራ ደውላ «ደርሻለሁ» ብላለች። ሐያት መጀመሪያ አላወቀቻትም፣ ሸሸቻት፤ ከዚያ ድምጿን ስትሰማ መጣችላት አሉ።

እኔም በዚያው መመለስ እችል ነበር። አልተመለስኩም። አንድ ቀን ሙሉ እዚያው ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ ሰፈር ስዞር ውዬ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እናትሽ ቤት ገባሁ። እማማ አበሩ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የትራስ ልብስ ትሰፋ ነበር። ተነስታ ሳመችኝ፣ አቀፈችኝ። ያ መሳም እንዴት እንዳቃጠለኝ አልነግርሽም። ተቀመጥኩና አሁን ለአንቺ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳት፤ የደወልሽልኝን፣ የዘጋሁትን፣ የዋሸሁትን። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር። ስፌቷን እስከ ጫፉ ሰፍታ ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ቁጥሯ አለህ?» አለችኝ።

«አለኝ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እማማ።»

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ተከተልኳት። ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ስልክ ተዋሰች። «ምታው» አለችኝ፣ መታሁት። ጠራ። አነሳሽው።

«ሃሎ» አልሽ። እናትሽ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛዋለች። እኔ ጆሮዬን ከጆሮዋ ጋር ገጥሜያለሁ። ድምፅሽ ትንሽ ጎርንኗል፤ ጉንፋን ይዞሽ ነበር መሰለኝ። ከኋላሽ ሳህን ሲጋጭ ይሰማል። «ሃሎ፣ ማነው?» አልሽ። እናትሽ አፏን ከፈተች፣ ድምፅ አልወጣት አለ። እንባዋ ስልኩ ላይ ይወርዳል። እኔ መናገር እችል ነበር፤ ወንድነቴ የት እንደገባ አላውቅም፣ አልተናገርኩም። ከዚያ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «እማዬ ነሽ?» አልሽ። ትንሽ ጠበቅሽና ዘጋሽው።

«እንደገና ልምታው?» ስላት እናትሽ ራሷን ነቀነቀች። «በምን አፌ ልጄ ልበላት?» አለች። «መጀመሪያ ጻፍላት። አንዲት ነገር ሳታስቀር ጻፍ። ሁሉን አውቃ ከፈቀደች ትደውልልኝ፤ እኔ ከዚህ ሱቅ አልርቅም።» የሱቁን ቁጥር ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ። ባለሱቁ ሲደወል እንዲጠራት ተነግሮታል። ጠዋት ጠዋት እየሄደች «ተደወለ?» ትለዋለች አሉ።

ለእኔ ደውዪልኝ አልልሽም። ቁጥርሽን ከፍቼዋለሁ፤ ያ ግን የእኔ ግዴታ እንጂ የአንቺ ዕዳ አይደለም። ናፍቀሽኛል አዱ፤ ሌላው ሁሉ ቀርቶ፣ ስትቆጪኝ የምታነሺው ቅንድብሽ ናፍቆኛል። ከእኔ በፊት ግን እናትሽን።

ያለሽበት ቤት ሰው ያግኝሽ፤ ልብ ያለው ሰው። እጅሽ የነካው ይቅናልሽ፣ ዓይንሽ ክፉ አይይ፣ እመብርሃን በዚህች ጾሟ ትከተልሽ። ጉንፋንሽን ትኩስ ነገር እየጠጣሽ ተጠንቀቂው።

ያን ቅዳሜ ለጠየቅሽው መልስ ሳይሰጥሽ ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው። አዎ አዱ፣ እማዬሽ ነበረች።

ጎሳዬ